ስለ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሠረተ ክርስቶስ ከፕሮቴስታንት ወገን ከሆኑት ከሜኖናይቶች ሚስዮን የተነሣች ኢትዮጵያዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። «ሜኖናይቶች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለስብከት ነው» የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች የገቡት ግን አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ገና በማገገም ላይ ሳለች፣ በ1945፣ ለእርዳታ ሲሆን ቀዳሚ ሥራቸውም በናዝሬት ሆስፒታል መክፈት ነበር። የሚስዮን ፈቃድ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን በ1944ቱ ደንብ የታጠረ ነበር፤ ደንቡ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» ባለው፣ ማለትም የኦርቶዶክስ ምእመናን በሚበዙበት አካባቢ ማከምንና ማስተማርን ብቻ ይፈቅድ ነበርና። የመጀመሪያዎቹ 10 ምእመናን የተጠመቁት በ1951 ነው።

«ያደገችው በፈረንጅ ገንዘብና አመራር ነው» የሚሉም አሉ። የሚስዮኑ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ድርሻ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ በናዝሬት የተነሣውን «ሰማየ ብርሃን» የተባለ የወጣቶች መነቃቃት ያቀደው ሚስዮኑ አልነበረም፤ እንዲያውም የመንፈስ ቅዱስን ስጦታዎች አጥብቆ የሚሻው አምልኳቸው ረጋ ያለ ሥርዓት ለለመዱት ሚስዮናውያን እንግዳ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት ግን፣ ደርግ በ1982 ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋት ታሪኳ እስከ 1991 ድረስ እንደተቋረጠ አድርጎ ማሰብ ነው። ሕንፃዎቿና ንብረቷ ተወርሰዋል፤ ስድስት መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታስረዋል። አባላቱ ግን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ መዝሙሩን ድምፅ ዝቅ አድርገው እየዘመሩ፣ ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት እየከፈሉ ቀጠሉ፤ በዚህ ሥራ ሴቶች የነበራቸው ድርሻ ከፍተኛ ቢሆንም ሲወሳ የሚሰማው እምብዛም ነው። ሲዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር።

ከዚህ በመነሣት «ያሳደጋት ስደቱ (በእምነቷ መሳደዷ) ነው» ብሎ መደምደምም ችኮላ ይመስለኛል። ሙሉ ወንጌል የተባለችው የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን በ1976 ከተዘጋች በኋላ ብዙ ምእመናኗ ወደ መሠረተ ክርስቶስ መጥተው ያመልኩ ስለነበር፣ እድገቱ ከመዘጋቱ በፊት ጀምሮ ነበር፤ ስደቱ የራሱ ሚና ቢኖረውም ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻም፣ ሜኖናይት ሲባል ፈረስ ጋሪና ኩራዝ ብቻ የሚታያቸው አሉ። ይህ ምስል በይበልጥ የሚስማማው በ1693 ከዚሁ ወገን ተለይተው ከወጡት ከአሚሾች ጋር ነው፤ የሜኖናይቶች ሥር የሆነው፣ ጥምቀት አምነው ለሚቀበሉት ብቻ ነው የሚለው የአናባፕቲስት ንቅናቄ ግን በ1525 በዙሪክ ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በአባላት ብዛት ከዓለም የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ቀዳሚ የሆነችው መሠረተ ክርስቶስ ናት።