የውሃ ግፊት ምንድን ነው? የሮቶ ሊትር አይደለም

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ውሃቸውን በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ፊልተር ለሚያጣሩ ዓሣ አርቢዎች ምክር ሲሰጥ ሰማሁ። "የአርኦ ፊልተራችሁ ጠብ ጠብ ካለ ሮቷችሁ አንሷል ማለት ነው። 5000 ሊትር ስቀሉ፣ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል" አለ። በሙሉ ልብ ነው የተናገረው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን እኔ ፓምፕ ልገጥም የምሄደው ይህንኑ ሰምተው ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ የጨነቃቸው ሰዎች ቤት ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ምን እንደሆነ ከሀ አልጀምርም። ይህን የምታነቡ ውሃውን አሳልፎ ጨውን የሚያስቀረውን ሜምብሬን በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ፤ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚለካ ቲዲኤስ መለኪያም አላችሁ። የሚያሳስተን ሌላ ቃል ነው። ግፊት የሚለው።

ግፊት የውሃ ብዛት አይደለም። የቆመ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታው ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ፣ ከቆጠራችሁት 14 አካባቢ ነው። ሮቶው ሰፊ ሆነ ጠባብ፣ ቧንቧው ቀጠነ ወፈረ፣ ውሃው እስካልፈሰሰ ድረስ ቁጥሩ አይለወጥም።

ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ከጣና የተሻለ ማስረጃ የለም። ጣና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ታች ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ብታስቀምጡ 1.4 ባር ያነባል። አሁን ደግሞ ግማሽ ኢንች የሆነ 14 ሜትር የውሃ ጎማ ከፎቅ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉና ሙሉት። የሚይዘው ውሃ 2 ሊትር አይሞላም። ከታች ጌጅ እሰሩለት። ያው 1.4 ባር ነው። ያ ሁሉ የሐይቅ ውሃና አንድ ጠርሙስ የማይሞላው የጎማ ውሃ እኩል ይገፋሉ።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ባለ 75 ጋሎኑ ሜምብሬን "በቀን 284 ሊትር ያወጣል" የሚባለው በ50 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ3.4 ባር፣ ያውም ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። እንግዲህ የጣናን ታችኛውን ውሃ ብናገናኝለት እንኳ የሚያስፈልገውን ግፊት ግማሽ አያገኝም። 5000 ሊትር ሮቶ ከየት ያመጣለታል?

ቀበሌ 14 አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ኒዮን ቴትራ ያረባሉ፤ እነዚያ ትንንሽ ባለ ሰማያዊ መስመር ዓሦች ለስላሳ ውሃ ካላገኙ እንቁላላቸው አይፈለፈልም። "ልጄ፣ 2000 ሊትሩን አስወርጄ 5000 አሰቀልኩ። ቀኑን ሙሉ ጠብቄ አንድ ጀሪካን ነው የማገኘው" አሉኝ። የብረት ማማው ያው የድሮው ነው፣ 4 ሜትር። ትልቁ ሮቶ ከትንሹ የሚበልጠው በቁመት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ያ ግማሽ ሜትር 0.05 ባር ነው። ለዚያ ነው ያን ሁሉ ብር ያወጡት።

ከሜምብሬኑ በፊት ጌጅ ገጠምኩና ውሃውን ለቀቅኩት። መርፌዋ ከዜሮ ትንሽ ተነስታ 0.4 ላይ ቆመች። ቀሪውን ከፊት ያሉት የደለልና የከሰል ፊልተሮች በልተውታል። ከጀሪካኑ በኩባያ ቀድቼ በቲዲኤስ መለኪያ ለካሁ፣ 58። የቧንቧው ውሃ 200 ነበር። ጋሼ መለኪያውን ከእጄ ወስደው ደግመው ነከሩት። "ቀስ ብሎ ሲወርድ ይበልጥ ይጣራል ብለውኝ ነበር እኮ" አሉ።

ከሮቶው ወሬ የባሰው ይህ ነው። ግፊት ሲያንስ ውሃው መዘግየት ብቻ ሳይሆን ይቆሽሻል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውሃው ሜምብሬኑን የሚያልፈው በግፊት ነው። ጨው ግን ግፊት ኖረም አልኖረም በራሱ መንገድ ትንሽ ትንሽ ሾልኮ ያልፋል። ግፊቱ ጥሩ ሲሆን ያቺ ትንሽ ጨው ብዙ ውሃ ውስጥ ትበተናለች። ግፊቱ ሲወርድ ውሃው ያንሳል፣ የሚሾልከው ጨው ግን ያው ነው። አንድ ቁንጥር ጨው እንስራ ውስጥና ብርጭቆ ውስጥ አንድ ዓይነት አይቀምስም። ሜምብሬናቸው ተበላሸ ብለው አዲስ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። ሜምብሬኑ ምንም አልሆነም ነበር።

ወደ ጣና ልመለስ። ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህን ከፍታ ቧንቧ ውስጥ ብትዘጉት ከታች 4 ባር አላችሁ፤ ሜምብሬን ያሠራል። ፏፏቴው ግን ክፍት አየር ላይ ነው የሚወርደው። ከፍታው ወደ ፍጥነት ይቀየርና ታች ድንጋዩ ላይ ጢስ ሆኖ ያልቃል። በክረምት ከፊቱ የቆመ ሰው "ምን ዓይነት ግፊት ነው!" ይላል። ያየው ግን ፍሰትና ፍጥነት ነው።

የፊልተራችሁ ቆሻሻ ውሃ መውጫ ላይ ሪስትሪክተር የምትባል ትንሽ ማነቂያ አለች። ውሃው እንደ ፏፏቴ በአየር ላይ እንዳይባክን፣ ሜምብሬኑ ውስጥ ተጨናንቆ እንዲቆይ የምታደርገው እሷ ናት። "ውሃ ያንቃል" ብለው የሚያወልቋት አሉ። ካወለቋት በኋላ ማስወገጃው ላይ ውሃ ሲንፎለፎል ያዩና ግፊት የጨመረ ይመስላቸዋል። ሜምብሬኑ ውስጥ ግን ግፊት አልቀረም። ሌላው ደግሞ ውሃ እንዳይባክን ብሎ መውጫውን ጭራሽ ይዘጋዋል። ያኔ የሚታጠብበት አጥቶ ጨው ሜምብሬኑ ላይ ይጋገራል። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ሦስት አራት ሊትር መውጣቱ ያሳዝናል፤ እኔም ያሳዝነኛል። ያንን ውሃ ለአትክልትና ለቤት ጽዳት ቅዱት እንጂ አትዝጉት።

ታዲያ ግፊቱ ከየት ይምጣ? 34 ሜትር ማማ የሚሠራ የለም። ያለው መንገድ ቡስተር ፓምፕ ነው። ብዙውን ጊዜ በ24 ቮልት የምትሠራ ትንሽ የዲያፍራም ፓምፕ ናት፤ ከሜምብሬኑ በፊት ትገባና ውሃውን 5 ባር አካባቢ ታደርሰዋለች። "ቤቴ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ አለኝ፣ እሱ ይበቃል" የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ይገፋል፣ አልክድም። ነገር ግን ይህ ፊልተር የሚፈልገው በደቂቃ 1 ሊትር ገደማ ነው። ትልቁ ፓምፕ ለዚህች ውሃ ሲነሳ ሲጠፋ፣ ሲነሳ ሲጠፋ ይውልና ይጋላል።

ፓምፕ ካነሳን አይቀር፣ ሰሌዳው ላይ "ከፍተኛ 35 ሜትር፣ ከፍተኛ 35 ሊትር በደቂቃ" ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱ አብረው አይገኙም። 35 ሜትሩ ምንም ውሃ በማይሄድበት ጊዜ ነው፤ 35 ሊትሩ ምንም ከፍታ በሌለበት። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ቡስተሯ ላይ ውሃ ሲጠፋ የምታጠፋት ስዊች አለች። ዝቅተኛ ማማ ላይ ያለ ሮቶ አንዳንዱን ስዊች ለማስነሳት እንኳ ግፊቱ አይበቃውም፤ ፓምፗ አልነሳ ትላለች። ይሄኔ ስዊቿን አልፎ በቀጥታ የሚያገናኝ ባለሙያ አለ። እባካችሁ አትፍቀዱለት። ውሃ በጠፋ ሌሊት ፓምፗ በደረቁ ስትሠራ ታድራለች። በትንሽ ግፊት የምትነሳ ስዊች ግዙ። ፓምፕ በቀጥታ ከመንገዱ የቧንቧ መስመር ላይም አትግጠሙ። የጎረቤትን ውሃ ትስባለች፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ በየመገጣጠሚያው ከውጭ ቆሻሻ ልታስገባ ትችላለች።

ደብረ ማርቆስ ያሉ ደንበኞቼ "እኛ ደጋ ስለሆንን ግፊት ይቀንስብናል" ይላሉ። አይቀንስም። 10 ሜትር ውሃ ማርቆስም ባሕር ዳርም ጌጅ ላይ 1 ባር ነው። ደጋ የሚቀንሰው ፓምፕ ከጉድጓድ ውሃ የሚስብበትን ጥልቀት ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እነሱን የሚጎዳቸው ብርዱ ነው። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ሜምብሬኑ በየዲግሪው 3 በመቶ ገደማ ያነሰ ያወጣል። 15 ዲግሪ ውሃ ከ25 ዲግሪው ሩቡን ያህል ወይም ከዚያም በላይ ይቀንስባችኋል፣ ፓምፑ የፈለገ ቢገፋም።

ጌጁን ከሜምብሬኑ በፊት ግጠሙ፤ ውሃው እየሄደ አንብቡት። ቫልቭ ተዘግቶ የሚነበብ ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ነው፣ አይጠቅምም።

ለጋሼ ቡስተር ገጠምኩላቸው። መርፌዋ 5 ባር አካባቢ ቆመች፤ በማግሥቱ መለኪያቸው 5 አነበበ። ያንን ውሃ ብቻውን ለዓሦቹ አይሰጡትም፤ ከቧንቧው ትንሽ ይቀላቅሉበታል። ትልቁ ሮቶም አልወረደም። ባለፈው ውሃ 4 ቀን ሲጠፋ፣ ከሰፈሩ ያላለቀበት የእሳቸው ብቻ ነበር።