የአልማዝ ፈርጥ አያያዝ በእጮኝነት ቀለበት ላይ

የፈርጥ አያያዝ የሚባለው አንድ የከበረ ድንጋይ በቀለበት ላይ ሳይነቃነቅና ሳይወድቅ እንዲቀመጥ የሚያደርገው የወርቅ ወይም የፕላቲኒየም አሠራር ነው። የእጮኝነት ቀለበት ለመግዛት የተነሡ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ለድንጋዩ ያውላሉ። ለዚህም ምክንያት አላቸው፤ በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋምና መሰሎቹ ስለ እያንዳንዱ አልማዝ ክብደት፣ ቀለም፣ ጥራትና አቆራረጥ ዝርዝር የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ያንኑ ድንጋይ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ጣት ላይ የሚያቆየው የአንጥረኛው ሥራ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ስለሌለው፣ ገዢው በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶና ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ለዚያ መረዳት እንዲያግዝ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አያያዝ ከመነጋገር በፊት የአልማዝን ሁለት ጠባዮች ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ጥንካሬው ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ የመጨረሻው ደረጃ በሆነው 10 ላይ ስለሚገኝ በቀላሉ አይጫርም፤ ይህ ግን አይሰበርም ማለት አይደለም። አልማዝ በአራት አቅጣጫዎች ሊሰነጠቅ የሚችል የውስጥ አደረጃጀት ስላለው፣ በቀጭን ወገቡ (ሰፊው ዙሪያ ጠርዙ) ወይም በሾለ ማዕዘኑ ላይ ከተመታ ሊፈነጠር ይችላል። ሁለተኛው ጠባዩ ቅባት መውደዱ ነው። ውሃ አይዘውም፣ ቅባት ግን በቶሎ ይይዘዋል፤ በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ የማዕድን ሠራተኞች የተፈጨውን አለት ከውሃ ጋር ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ እያፈሰሱ፣ አልማዙ ተጣብቆ ሲቀር ሌላው ታጥቦ እንዲሄድ ያደርጉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅቤ የነካ እጅ ወይም የእጅ ክሬም የቀለበትን ድንጋይ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያደበዝዘውም በዚሁ ጠባዩ የተነሣ ነው። እንግዲህ ከአያያዝ የሚጠበቀው ድንጋዩን ከምት መጠበቅ፣ ብርሃን አለመከልከልና ለማጽዳት መመቸት ሲሆን፣ ሦስቱንም በእኩል የሚያሟላ አሠራር ባለመኖሩ ምርጫው የሚለብሰውን ሰው አኗኗር ተከትሎ ይደረጋል።

በወርቅ ቀለበት ላይ ያልተቆረጠ አልማዝ ማስቀመጥ በሮማውያን ዘመንም ይታወቅ ነበር። ለእጮኝነት የተሰጠ የመጀመሪያው የአልማዝ ቀለበት ተብሎ አዘውትሮ የሚጠቀሰው የኦስትሪያው አርክዱክ ማክሲሚሊያን በ1477 ለቡርጎንዲዋ ማርያም የሰጡት ነው፤ ሆኖም በአውሮፓ መኳንንት ሠርጎች ላይ ከዚያ ቀደም ብሎም አልማዝ እንደ ነበረ የሚያመለክቱ ነገሮች ስላሉ «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ድንጋዮች በአብዛኛው የሚቀመጡት ሥሩ በተዘጋ የወርቅ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሆን፣ ብልጭታቸው እንዲጨምር ከሥራቸው እንደ ቅጠል የሳሳ ብረት ይነጠፍ ነበር።

የቀለበቱ ታሪክ በሰነድ የሚበዛው በ1860ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ አልማዝ ከተገኘ በኋላ ነው። ድንጋዩ በብዛት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ገበያ ሲገባ፣ የነገሥታት ሀብት የነበረው ነገር በነጋዴና በሐኪም ቤትም መታየት ጀመረ። በ1837 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የጌጣጌጥ ድርጅት ቲፋኒ በ1886 ያወጣው ባለ ስድስት ጥፍር ቀለበት የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። ጥፍር የሚባሉት ጫፋቸው በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ታጥፎ የሚይዙት ቀጫጭን የወርቅ ወይም የፕላቲኒየም ዘንጎች ናቸው። ድንጋይን በጥፍር መያዝ ከዚያ በፊትም የታወቀ በመሆኑ ጥፍሩ ራሱ የዚህ ድርጅት ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም። አዲሱ ነገር አንድ ክብ አልማዝ ብቻውን ከቀለበቱ ክብ በላይ ከፍ ብሎ፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ፣ በስድስት ቀጫጭን ጥፍሮች ላይ መቀመጡ ነበር። አንድ ድንጋይ ብቻ የሚይዘው ይህ ዓይነት ቀለበት ሶሊቴር ይባላል። በ1888 የተቋቋመው የአልማዝ ኩባንያ ዲ ቢርስ በ1947 «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን የማስታወቂያ ጸሐፊዋን የፍራንሲስ ጌረቲን መፈክር ይዞ ማስታወቂያውን ሲያስፋፋ፣ የእጮኝነት ቀለበት ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ምስል ይኸው ሶሊቴር ሆነ።

የጥፍሩ ቁጥር ስድስት የሆነበት ጥቅም ግልጽ ነው። ከአራት ጥፍሮች አንዱ ቢሰበር ድንጋዩ በአንድ ወገን ያለ ደጋፊ ይቀራል፤ ከስድስቱ አንዱ ቢሰበር ግን ባለቤቲቱ እስክታስተውል ድረስ አምስቱ ይዘውት ይቆያሉ። በሌላ በኩል አንድ ካራት 0.2 ግራም፣ የአንድ ካራት ክብ አልማዝ ስፋትም 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጉ ስድስት ጥፍሮች ከዚያ ያነሰውን ድንጋይ ምን ያህል እንደሚሸፍኑት መገመት አይቸግርም። ስለዚህ ለትናንሽ ድንጋዮች አራት ጥፍር ይመረጣል፤ የድንጋዩ መልክም ትንሽ ወደ አራት ማዕዘንነት ያዘነብላል።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የሚያሳየው በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተካሄደ ክርክር ነው። ቲፋኒ በ2013 ኮስትኮ የተባለውን የመደብር ድርጅት ስሜን በቀለበት ማሳያ ጽሑፎች ላይ ተጠቅሟል ብሎ ከሰሰ፤ ኮስትኮ በበኩሉ ቃሉ የድርጅት ስም ብቻ ሳይሆን የአያያዙ የወል መጠሪያ ሆኗል ሲል ተከራከረ። በ2017 የታችኛው ፍርድ ቤት ኮስትኮ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ቢወስንም፣ በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ በጁሪ ፊት እንዲታይ መለሰው። በ2021 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ፋይሉ ስለተዘጋ፣ የስሙ ጥያቄ በፍርድ ሳይቋጭ ቀረ።

የጥፍር ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንጥረኛው ድንጋዩን በጥፍሮቹ መካከል ከለካ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ጥፍር ውስጠኛ ጎን፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ ላይ፣ የድንጋዩ ወገብ የሚያርፍበትን ጥርብ በትንሽ መሰርሰሪያ ይቆርጣል። ጥርቡ ከጠለቀ ጥፍሩ ይሳሳል፤ ካልጠለቀ ድንጋዩ አይቀመጥም፤ የአንዱ ከፍታ ከሌሎቹ በፀጉር ያህል ቢለይ ድንጋዩ ያጋድላል። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ጥፍሮች ጥንድ ጥንድ እያደረገ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋዩ ያጎነብሳቸዋል እንጂ አንዱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ጫናው ወደ አንድ ወገን ካደላ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ይችላልና። በመጨረሻም ጫፋቸውን በሞረድ አሳጥሮ፣ አክብቦ ያለሰልሳቸዋል። የተጠናቀቀው ሥራ በአሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር ሲታይ በጥፍሩና በድንጋዩ መካከል ክፍተት አይኖርም፤ የጥጥ ክር በጥፍሮቹ ላይ ሲሳብም ሳይያዝ ያልፋል። ገዢው ይህን የክር ሙከራ በመደብሩ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ክሩን የያዘ ጥፍር ነገ ነጠላውንና ሹራቡን መያዙ አይቀርም።

ከጥፍር እጅግ የቀደመው ዘዴ ክፈፍ ነው፤ ብዙዎች ቤዝል በሚለው ስሙ ያውቁታል። ድንጋዩ ዙሪያውን በስስ የወርቅ ግድግዳ ይከበብና የግድግዳው ከንፈር በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። ጓንት ስታወልቅና ስታጠልቅ ለምትውል ነርስ፣ ሊጥ ለምታቦካ ሴት፣ ሕፃን ለምታሳድግ እናት ከክፈፍ የተሻለ አያያዝ የለም። የሚይዘው ሹል ነገር የለም፤ ደካማው የድንጋዩ ወገብም ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። ክፈፍ ብልጭታ ይገድላል የሚለው በየመደብሩ የሚሰማው አባባል የተጋነነ ነው። አልማዝ ብርሃንን በከፍተኛ ደረጃ ስለሚያጥፍ፣ በልኩ የተቆረጠ ክብ ድንጋይ ከላይ የገባውን ብርሃን በሥሩ ገጾች አንጸባርቆ መልሶ በላይ ያወጣዋል፤ ማርሴል ቶልኮቭስኪ በ1919 ያሳተመው የአልማዝ አቆራረጥ ስሌት የተመሠረተውም በዚሁ ላይ ነው። ክፈፍ በእርግጥ የሚወስደው የጠርዙን ጥቂት ስፋት ነው። ሥሩ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ማዘዝ ግን ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ቅባትና ሳሙና የሚወጡበት ቀዳዳ አያገኙም። ሁለት ወገን ብቻ የሚከበብበት ግማሽ ክፈፍም አለ።

ሄሎ የሚባለው አሠራር ዋናውን ድንጋይ በትናንሽ አልማዞች የሚከብብ ሲሆን፣ ስሙም በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ ከሚሳለው የብርሃን አክሊል የተወሰደ ነው። በ1981 ልዕልት ዳያና፣ በ2010 ደግሞ ካትሪን ሚድልተን ያጠለቁት ቀለበት መካከለኛ ድንጋዩ 12 ካራት ሰማያዊ ሳፋየር ቢሆንም፣ በከበቡት 14 አልማዞች የተነሣ የዚህ አያያዝ ታዋቂ ምሳሌ ሆኗል። ሄሎ መካከለኛውን ድንጋይ ከእውነተኛ መጠኑ አተልቆ ያሳያል፤ ገንዘባቸው ውስን ለሆነ ጥንዶች ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ፓቬ ደግሞ የቀለበቱን ክብ በጥቃቅን ድንጋዮች መሸፈን ሲሆን፣ ቃሉ በፈረንሳይኛ ንጣፍ ማለት ነው፤ ኮብልስቶን የተነጠፈ መንገድ ያየ ሰው አሠራሩን በቀላሉ ይረዳዋል። እያንዳንዱን ድንጋይ የሚይዙት ከራሱ ከወርቁ የተፈለፈሉ ፍሬ የመሰሉ ጥቃቅን ጠብታዎች ስለሆኑ፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ሁለት ድንጋይ መውደቁ የተለመደ ነው። ገዢው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ሻጮች ግን አዘውትረው አይነግሩትም።

በሁለት የወርቅ ግድግዳዎች መካከል ድንጋዮችን የሚደረድረው የቦይ አያያዝ ለመካከለኛ ድንጋይ ሳይሆን ለጎን ድንጋዮች ይስማማል። የፈረንሳዩ የጌጣጌጥ ድርጅት ቫን ክሊፍ ኤንድ አርፔልስ በ1933 የፈጠራ መብት ያገኘበትና ድንጋዮቹን የሚይዘው ብረት ከላይ የማይታይበት የማይታይ አያያዝ፣ እንዲሁም በጀርመን ኒሲንግ የተባለው ድርጅት የታወቀበትና ድንጋዩ በቀለበቱ ሁለት ጫፎች ግፊት ብቻ የሚያዝበት የውጥረት አያያዝ ለዓይን የሚያስደንቁ ሥራዎች ናቸው። የውጥረት ቀለበት ግን ጣት ሲወፍር ወይም ሲቀጥን ልኩን ማስተካከል እጅግ ያስቸግራል።

የድንጋዩ ቅርጽም ምርጫውን ይወስናል። ማዕዘን ያለው ፕሪንሰስ የተባለው አቆራረጥና የእንባ ጠብታ የሚመስለው ድንጋይ በሹል ጫፋቸው ላይ ጫፉን አቅፎ የሚይዝ ማዕዘናማ ጥፍር ያስፈልጋቸዋል። ቀለሙ ወደ ቢጫነት ያዘነበለ አልማዝ በቢጫ ወርቅ ውስጥ ሲቀመጥ ነጭ መስሎ ይታያል፤ ቀለም አልባው ድንጋይ ግን የቢጫ ጥፍር ነጸብራቅ ስለሚያርፍበት፣ ክቡ ቢጫ ሆኖ ጥፍሮቹ ብቻ ከነጭ ወርቅ ወይም ከፕላቲኒየም ቢሠሩ ይመረጣል። ፕላቲኒየም ለጥፍር የታወቀ ምርጫ ነው፤ ሲፋተግ ብዙውን ጊዜ ከመበላት ይልቅ ይገፋል፣ ነጭነቱም የራሱ ነው። ነጭ ወርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሮዲየም በተባለ ነጭ ብረት ስለሚለበጥ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ፕላቲኒየምን ለጦርነቱ አገልግሎት ብቻ በመወሰኑ ነጭ ወርቅ በዚያ ዘመን ቦታውን ተክቶ ነበር።

በኢትዮጵያ ጋብቻ በሽምግልና ተጀምሮ በጥሎሽ የሚጸና ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን የሚባረከውም ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ፈርጥ የሌለው ወርቅ ነው። የአልማዝ እጮኝነት ቀለበት የገባው ከውጭ ነው፤ በተለይም በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች አስፋፍተውታል። የጥበቡ መሠረት ግን በአገር ውስጥም አለ፤ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ የብር ሽቦ እየጠመዘዙ መስቀል የሚሠሩ አንጥረኞች እጅ፣ ጥፍር ለመቁረጥ የሚያንስ እጅ አይደለም። ለረጅም ዘመን የወርቅ ቤቶች መናኸሪያ በነበረው በአዲስ አበባ ፒያሳም ሆነ በዱባይ ዴይራ የወርቅ ገበያ ለሚገዛ ኢትዮጵያዊ ግን አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በእነዚህ ገበያዎች የሚወደደው 21 ካራት ወርቅ (ካራት እዚህ ላይ የድንጋይ ክብደት ሳይሆን የወርቅ ንጽሕና መለኪያ ነው) ለቀጭን ጥፍር በጣም ለስላሳ ነው። ወርቁ ከፍተኛ ካራት እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ክፈፍ ያሠራ፤ ጥፍር የሚፈልግ ደግሞ 18 ካራት ይምረጥ።

በአልማዝ ፈንታ የአገሩን ፈርጥ የሚመርጥ ሰውም እየታየ ነው። ከ2008 ወዲህ ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል በቀለም ጨዋታው በዓለም ገበያ ስም አግኝቷል፤ ጥንካሬው ግን ከአልማዝ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ውሃ እየጠጣ መልኩን ስለሚለውጥም ለዕለት ተዕለት ቀለበት በክፈፍ ውስጥ ቢቀመጥና እጅ ሲታጠቡ ቢወልቅ ይበጃል። በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ ለሚወጣው ኤመራልድም የውስጥ ስንጥቅ ስለማያጣ ይኸው ክፈፍ ይመከራል።

ከተገዛ በኋላ ቀለበቱ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ለአንጥረኛ ቢታይ መልካም ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ቀለበቱን ወደ ጆሮ አስጠግቶ በጣት መታ መታ ማድረግ ይቻላል፤ የላላ ድንጋይ ይንኳኳል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከሥሩ በኩል ማጠብ ቅባቱን ያስለቅቀዋል። በረኪና ግን ከቀለበት ጋር መገናኘት የለበትም፤ ክሎሪኑ በተለይ የነጭ ወርቅን ጥፍር ከውስጥ እያደከመ ሳይታሰብ እንዲሰበር ያደርገዋል። ጫፉ ሳስቶ የተገኘ ጥፍር ድንጋዩ ከመውደቁ በፊት ጥቂት ወርቅ ተጨምሮበት ሊታደስ ይችላል፤ አራቱ ወይም ስድስቱ በአንድነት ያረጁ ከሆነ ደግሞ የቀለበቱ ክብ ሳይነካ የጥፍሮቹ መቀመጫ ብቻ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።