ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትር፦ ውስጡ የሚዞር ነገር የለም

ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትር በኤሌክትሪክ ምልክት የሚስተካከል ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ አካል) የያዘ ቺፕ ነው። ብዙ ሰው የሚያደናግረው «ዋይፐር» (ተንሸራታች መነካኪያ) የሚለው ቃል ነው። የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ በካርቦን ላይ የሚንሸራተት ብረት አለ፤ ቺፑ ውስጥ ግን ምንም አይንቀሳቀስም። ኤክስ9ሲ103 የሚባለውን ቺፕ እንውሰድ። 99 ትንንሽ ሬዚስተሮች በተርታ ተያይዘው ድምራቸው 10 ኪሎ ኦም (ኦም የሬዚስተር መለኪያ ነው) ገደማ ይሆናል፣ በየመጋጠሚያውና በሁለቱ ጫፎች ደግሞ በጠቅላላው 100 የትራንዚስተር ማብሪያዎች አሉ፣ ከነሱ የበራው አንዱ እሱ ነው «ዋይፐር» የሚባለው። በአንዱ እግር አቅጣጫ ትነግሩታላችሁ፣ በሌላው የኤሌክትሪክ ምት ስትልኩ አንድ ደረጃ ይሄዳል። ጫፍ ሲደርስ ይቆማል። ማብሪያው ራሱ 40 ኦም ገደማ ስላለው ልክ ዜሮ አትጠብቁ። ደግሞ አደራ፣ ሞተር በቀጥታ እንዳታገናኙበት! የሚችለው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው።