ሃይፐርቫይዘር ምንድን ነው? የማይክሮሶፍትስ ለምን ዘገየ ተባለ?

ሰርቨር (ለብዙ ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) ተገዝቶ ኢሜይል ብቻ ቢጫንበት ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈቶ ይውላል። ሌላ ሥራ ልደርብበት ቢሉ ደግሞ አንዱ ሲበላሽ ሌላውንም ይዞት ይወድቃል። ሃይፐርቫይዘር ይህን የሚፈታ ሶፍትዌር ነው፤ አንዱን ማሽን ብዙ ያስመስለዋል። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው እያንዳንዱ ክፍል፣ በአንድ ግቢ የየራሱ በር እንዳለው ተከራይ፣ በራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ባለ) ለብቻው ይሠራል።

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በትላልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሠርቶበታል። በተራ ሰርቨር ላይ ትልቅ ገበያ ያደረገው ግን በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር የተባለ ኩባንያ ነው። ኢኤስኤክስ የተባለው ሃይፐርቫይዘሩ በ2001 ወጣ፤ በ2003 ቪሞሽን ተጨመረበት። ቪሞሽን አንድን ቨርቹዋል ማሽን ሳያጠፋ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ያዛውራል። ሌሊት ተጠብቆ ይሠራ የነበረውን ጥገና በጠራራ ፀሐይ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ መሥራት ተቻለ። የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ከቪኤምዌር ጋር የተጣበቁት በዚህ ይመስለኛል።

ማይክሮሶፍት «ቪሪዲያን» ብሎ ይሠራው የነበረው ሃይፐርቫይዘር የሙከራ ቅጂ በ2007 የመጀመሪያ አጋማሽ ይወጣል ተብሎ ወደ ሁለተኛው ተገፋ። በሜይ ደግሞ፣ ቀኑ ከዚህ በላይ እንዳይሸሽ፣ አንዳንድ አገልግሎቶች ከመጀመሪያው ቅጂ ተቀነሱ። ከተቀነሱት አንዱ ያው ሳያጠፉ ማዛወር ነበር! ጥቂት ወር መዘግየት ይቻላል፤ ተወዳዳሪው አራት ዓመት የሸጠውን ነገር ትቶ መምጣት ግን ሌላ ነው። ምርቱ ሃይፐር-ቪ ተብሎ በጁን 2008 ሲወጣ ዝውውሩ ማሽኑን ለአፍታ ያቋርጠው ነበር። ጉድለቱ የተሞላው በ2009፣ በዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 (የማይክሮሶፍት የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቅጂ) ነው። በመሃል ገበያው አልጠበቀም፦ በ2007 ኬቪኤም የተባለ ሃይፐርቫይዘር ሊኑክስ ውስጥ ገባ፣ ሲትሪክስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ዜን ከተባለው ሌላ ሃይፐርቫይዘር በስተጀርባ ያለውን ኩባንያ ገዛ፣ ቪኤምዌርም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ።

ይሁንና ማይክሮሶፍት ዋጋን ይዞ ነበር የመጣው፤ ሃይፐር-ቪ ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር አብሮ ይመጣል። ወር እንኳ ሳይቆይ፣ በጁላይ 2008፣ ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይን (የኢኤስኤክስን ቀለል ያለ ቅጂ) በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚያው ወር ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችውን ዳያን ግሪንን ከሥራ አስኪያጅነት አንስቶ ፖል ማሪትዝን ሾመ፤ ማሪትዝ የቀድሞ የማይክሮሶፍት ከፍተኛ ኃላፊ ነው።