ዋንዛና ጥቁር እንጨት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለቱም ‹አፍሪካና› ስለሚባሉ ዘመዳሞች ናቸው»
አይደሉም። በሳይንሳዊ ስም ዋንዛ ኮርዲያ አፍሪካና፣ ጥቁር እንጨት ፕሩነስ አፍሪካና ይባላሉ። ዝምድናን የሚነግረን ፊተኛው ስም ነው። ጥቁር እንጨት ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ ኮክ የቅርብ ዘመዱ ሲሆን ኮሶም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ዋንዛ ግን ቦራጂናሴ ከሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው። መለየት ለሚፈልግ፣ የዋንዛ ቅጠል ሰፊና ሻካራ፣ ፍሬው ቢጫ፣ ጣፋጭና የሚያጣብቅ ነው። የጥቁር እንጨት ቅጠል የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ በጥቃቅኑ እንደ መጋዝ የተጠረበ፣ ዘንጉ ቀላ ያለ ነው። ታሽቶ ሲሸተት የኮክ አስኳል ይሸታል።

«ዋንዛ በየቦታው ስላለ አያሰጋም»
የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ (ዝርያዎች ምን ያህል የመጥፋት ስጋት እንዳለባቸው የሚያሳይ ዝርዝር) ዋንዛን «አነስተኛ ስጋት» ውስጥ፣ ጥቁር እንጨትን «ለአደጋ ተጋላጭ» ውስጥ አስቀምጧል። ምዘናው ግን መላውን የስርጭት አካባቢ የሚመለከት ነው፤ ስለ ባሕር ዳር ዙሪያ ወይም ስለ ዘጌ የቡና ጥላ ብቻውን አይናገርም። የእኛ አናጢዎች የሚመርጡት ቀጥ ያለውን ዋንዛ ነው። እሱ ቀድሞ ካለቀ ለዘር የሚቀረው ጠማማው ይሆናል፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

«የአገር ሕግም መዝገቡን ይከተላል»
በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ (ቁጥር 94፣ በኋላ በሌሎች አዋጆች የተተካ) ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። በዓለም ደረጃ ይበልጥ የሚያሰጋው ጥቁር እንጨት አልተጠቀሰም።

«ሳይቲስ ጥቁር እንጨት እንዳይቆረጥ ከልክሏል»
ሳይቲስ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ነው፤ ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1995 በሁለተኛው ዝርዝር ያስገባው ዓለም አቀፍ ንግዱን በፈቃድ ለመቆጣጠር ነው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ ነው። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ምግብ ወደ ሥር አይወርድም፤ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል።

«የጥቁር እንጨት ዘር እንደ ዋንዛ ደርቆ ይቀመጣል»
ብዙ ችግኝ ጣቢያ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የዋንዛ ዘር ሥጋው ታጥቦ ከደረቀ ይቆያል፤ የጥቁር እንጨት ዘር ግን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይሞታል። የበሰለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሬ ከብዙ ዛፎች ይልቀሙ፤ በዚያው ቀን በውኃ አሽተው ሥጋውን ያስለቅቁ፤ ጥላ ውስጥ ውኃው ብቻ እስኪጠፈጠፍ ያቆዩና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝሩ። መደቡ ጥላ ያለውና እርጥበቱ የማይቋረጥ ይሁን። ለመብቀል ከወር በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ ቆርጠው መደቡን አይገልብጡ። የጣና ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ ለዛፉ ዝቅተኛው ወሰን አጠገብ ነው፤ ችግኙን በክረምቱ መግቢያ ከነባር ዛፎች ጥላ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ይትከሉ፣ ከገላጣ ተዳፋት ያርቁት።