ጥቅል የትምህርት ተሳትፎ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«በሴራሊዮን የሴት ልጆች የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ ከ100 በመቶ በላይ ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ልጅ የለችም።» ይህን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ አነበብኩት። አንዱ አስተያየት ሰጪማ ጭራሽ «ሥራው አልቋል፣ ድጋፉ ወደ ሌላ ይዙር» አለ። አላለቀም ወዳጄ። የጠቀስከው ቁጥር ልክ ነው፤ ግን ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው ነው፣ ድምዳሜህም ከእሱ አይወጣም።

ጥቅል ተሳትፎ የሚገኘው አንደኛ ደረጃ የተመዘገቡትን ሴት ልጆች በሙሉ፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን፣ ለደረጃው በተወሰነው ዕድሜ ላይ ላሉት ሴት ልጆች በማካፈል ነው። ሴራሊዮን ውስጥ ይህ ዕድሜ ከ6 እስከ 11 ነው። ላይኛው ቁጥር ዕድሜ አይጠይቅም፣ ታችኛው ይጠይቃል። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

የሠርግ ድግስ አስቡ። 100 ሰው ተጠርቶ 115 ሳህን ወጣ። የተጠራው ሁሉ መጥቷል ማለት ነው? በፍጹም። ሳይጠራ የመጣ አለ፣ ሁለቴ ያነሳም አለ። ከተጠሩት ውስጥ ደግሞ 30ው እቤታቸው ቀርተው ሊሆን ይችላል። ሳህን በመቁጠር የቀረውን ሰው ማወቅ አይቻልም።

አንድ መንደር እንውሰድ። ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው 100 ሴት ልጆች አሉ እንበል። ትምህርት ቤቱ 115 ሴቶች መዝግቧል። ከነዚህ 45ቱ 12፣ 13፣ አንዳንዶቹም 15 ዓመት ሞልቷቸዋል። በዕድሜያቸው የሚማሩት 70 ብቻ ናቸው። ጥቅሉ 115 በመቶ፣ ንጥሩ፣ ማለትም በዕድሜያቸው የሚማሩት ብቻ ሲቆጠሩ የሚገኘው፣ 70 በመቶ። ሠላሳዎቹ የሉም። (ከሠላሳዎቹ አንዳንዷ ቀድማ ወደሚቀጥለው ደረጃ አልፋ ይሆናል፤ የተስተካከለ ንጥር ተሳትፎ የሚባለው ለዚህ ነው። ዕድሜን መምህሩ በግምት የሚሞላበት ቦታም አለ፤ ያኔ ንጥሩም ይዛባል።)

እነዚያ ትልልቆቹ ከየት መጡ? ሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 ጦርነት ላይ ነበረች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ2004ቱ ሕግ መሠረታዊ ትምህርትን ነጻና ግዴታ ሲያደርግ ዓመታት ያመለጣቸው ልጆች 1ኛ ክፍል ገቡ። በ2014 ኢቦላ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፣ የተከፈቱት በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ነው። በ2018 ደግሞ ነጻ ትምህርት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተዘረጋ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የዘገየ ሁሉ ይገባል፣ ጥቅሉም ይወጣል። ይህ በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ 2ኛ ክፍል መቀመጧን አልቃወምም። የምቃወመው እሷን ቆጥሮ ጎረቤቷን የ8 ዓመቷን ልጅ ገብታለች ማለትን ነው።

በ9 ዓመቷ የጀመረች ልጅ ሁለት ጊዜ ክፍል ከደገመች 6ኛ ክፍል የምትደርሰው በ16 ዓመቷ ነው። ጋብቻና እርግዝና ገና አንደኛ ደረጃ ሳለች ይደርሱባታል። በ2015 መንግሥት እርግዝናቸው የሚታይ ልጃገረዶች ከሌሎቹ ጋር እንዳይማሩና እንዳይፈተኑ ከለከለ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የኢኮዋስ ፍርድ ቤት ክልከላው መብት የሚጥስ ነው ብሎ በዲሴምበር 2019 ፈረደ፤ በማርች 2020 ተነሳ። ዓመቱ ሲጀመር ተመዝግባ በመሃል የተባረረችው ልጅ በዚያ ዓመት ጥቅል ቁጥር ውስጥ ተመዝግባ እንዳለች ትቀራለች።

ወደ ድግሱ ልመለስ፤ ደጋሹ ራሱ ስንት ሰው እንደጠራ በትክክል አያውቅም። ሴራሊዮን በ1985 ከቆጠረች በኋላ እስከ 2004 ሕዝብ አልቆጠረችም፤ ቀጣዩ 2015 ነበር፣ የ2021ዱ ደግሞ ብዙ አወዛግቧል። በቆጠራዎቹ መሃል ያለው ትንበያ ነው። ትንበያው የሕፃናቱን ቁጥር ካሳነሰ አንዲት ልጅ ሳትገባ ተሳትፎው ያድጋል። ላይኛውም ቁጥር ቢሆን የሚመጣው ከትምህርት ቤቶች ነው፤ ድጎማ በተማሪ ቁጥር በሚሰላበት ቦታ መዝገቡ ወደ መብዛት ማዘንበሉ አይቀርም።

የእኛም ትምህርት ሚኒስቴር በዓመታዊ ስታቲስቲክሱ ጥቅሉንና ንጥሩን ለይቶ ያወጣል። ሁለቱንም አንብቡ።

«የማጠናቀቅ ምጣኔ አይሻልም?» ለሚለኝ፣ ይሻላል። ግን እሱም በብዛት የሚሰላው የመጨረሻው ክፍል አዲስ የገቡትን በዚያ ዕድሜ ላሉት በማካፈል ስለሆነ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። እኔ ቤት ለቤት የሚደረገውን ጥናት አስቀድማለሁ፤ በሴራሊዮን በ2017ም በ2019ም ተሠርቷል። እዚያ የምትማረውም የማትማረውም ልጅ የምትቆጠረው ከአንድ ቤት ነው።