የጡንቻ ሕመም ስሞች በሐዋሳ

በሐዋሳ የጡንቻ ሕመም ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንዱን በሽተኛው ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ሌላውን ሐኪሙ ካርዱ ላይ ይጽፈዋል። ሲዳምኛም የራሱ ስሞች አሉት፤ ይህ ዳሰሳ ግን አማርኛውን ብቻ ይመለከታል።

ሁለቱ በየቀኑ የሚገናኙት ከተሜው ዛሬም «ሪፈራል» በሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ሥራ የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለከተማችንም ለዙሪያዋም ትልቅ መከታ ነው።

የቤቱ ቃል ሰፊ ነው። «ቁርጥማት» መገጣጠሚያንም ጡንቻንም ይይዛል። «ወለምታ» የወጌሻ ነው። «ነርቭ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ የወገብ ጡንቻ ሕመም ሆኖ ይገኛል። ስቅታ እንኳ የጡንቻ ጉዳይ ነው፤ ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ በድንገት ሲኮማተር ይመጣል።

«ክራምፕ» ደግሞ የኳስ ሜዳ ቃል ነው። ሐዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነባት ከተማ ይህን ቃል ለማወቅ ሐኪም አያስፈልጋትም። ባት ወይም ቋንጃ ተኮማትሮ አልላቀቅ ይላል። እግሩን ቀስ አድርጎ መሳብ ያስታግሠዋል። ምክንያቱ የውሃና የጨው እጥረት ነው የሚለው በሰፊው ይታመናል፤ የነርቭ ድካም ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

በካርዱ ላይ «ማዮ» ካለ ጡንቻ ማለት ነው፤ ቃሉ የግሪክ ነው። ማያልጂያ ሕመሙ ነው። ማዮሳይቲስ ብግነቱ ነው። ማዮፓቲ የጡንቻው የራሱ በሽታ ነው። አትሮፊ የጡንቻ መክሳት ነው። ፓዮማዮሳይቲስ በሞቃት አገሮች የሚበዛ፣ ጡንቻ ውስጥ መግል የሚቋጥር ሕመም ነው። ቤት ውስጥ «እባጭ» ይባላል፤ ግን ጥልቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከውጭ አይታይም። ማያስቴኒያ ግራቪስ ሲመሽ የዓይን ቆብን የሚጥል ድካም ነው። የሰውነት መከላከያ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ሲያግድ ይመጣል።

ብዙ መባል ያለበት ስለ ዱሸን ዲስትሮፊ ነው። በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሚይዘውም በአብዛኛው ወንዶችን ነው። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን ሲጎድል ጡንቻው እየፈረሰ በስብ ይተካል። ፕሮቲኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ልጁ ባቱ ወፍሮ ስለሚታይ ቤተሰብ «ጠንካራ ነው» ሊል ይችላል። ከመሬት ሲነሣ ግን እጁን ጭኑ ላይ እየደገፈ፣ በገዛ እግሩ ላይ እንደሚወጣ ሆኖ ይቆማል። ይህን ሐኪሞች የጋወርስ ምልክት ይሉታል።

እንዲህ ያለውን ልጅ «ልምሻ መታው» ማለት ስሕተት ነው። ልምሻ ፖሊዮ ነው፤ ቫይረሱ የሚጎዳው በኅብለ ሰረሰር ያሉትን ነርቮች ነው፣ ጡንቻው ከዚያ በኋላ ይከሳል። የጓያ ሽባነትም የነርቭ ነው። መንጋጋ ቆልፍም እንደዚሁ፤ ጡንቻውን የሚያደርቀው የነርቭ መርዝ ነው። ልምሻ በቀናት ውስጥ ያዳክማል፤ ብዙ ጊዜም አንዱን እግር ከሌላው አብልጦ ይጎዳል። ዱሸን ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ከዳሌና ከጭን ጀምሮ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ያደክማል።